ከባሕር ዳር ወደ ናርጋና ደጋ፦ ጀልባ ኮንትራት ይዞ ደሴት ውሎ መመለስ

ጣና ላይ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዝፈው ዓሳ አስጋሪ ጥላው ሳይሰበር ውሃው ላይ ይታያል። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ያው ሐይቅ ነው ቢሏችሁ አታምኑም።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከረጠብኩ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአክስቴና ከሁለት የአጎቴ ልጆች ጋር ጀልባ ኮንትራት ያዝን። ቁርስ ተበላ፣ ቡና ተጠጣ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። «ዘጌ መንገዳችሁ ላይ ናት፣ እሷን አይታችሁ ታልፋላችሁ» አለን ነጂው። እውነቱን ነው፣ መንገድ ላይ ናት። ግን ዘጌ የገባ ሰው ቶሎ አይወጣም። አንዱን ቤተ ክርስቲያን አይተን ሌላው ተጨመረ፣ ቡና ተፈላ፣ አክስቴ ሎሚ ልግዛ አለች። ናርጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ገና ጫማችንን ከማውለቃችን «እንሂድ፣ እንሂድ» ተባለ። ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፊት እያነሳ ይፈጠፍጣት ጀመር። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሥላሴን ትጠራለች። ባሕር ዳር የገባነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በስልክ መብራት ነው።

ጥፋቱ የነጂው ብቻ አልነበረም። ቅደም ተከተሉን እኛው ነን ያበላሸነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ሩቁን በጠዋት፣ ቅርቡን ለመመለሻ።

መጀመሪያ ካርታውን በጭንቅላታችሁ ያዙ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ማዕበሉ አጭርና ፈጣን የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ሲመጣ፣ ታች ጥልቀት ከሌለ፣ ማዕበሉ ተቀራርቦ ይመታል።

ከ30 በላይ ደሴቶች አሉት። ለአንድ ቀን የሚያስፈልጓችሁ ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኟቸው ክብራን ገብርኤልና ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ናቸው። ቀጥሎ በግራ በኩል ዘጌ አለች። ዘጌ ደሴት አይደለችም፣ ወደ ውሃው የገባች ደረቅ መሬት ናት። ከዚያ በኋላ ሰፊው ውሃ ይመጣል። መሐሉ ላይ ትልቋ ደሴት ደቅ አለች። በስተምዕራቧ ናርጋ ሥላሴ፣ በስተምሥራቋ ደግሞ ደጋ እስጢፋኖስ አለ።

በተለመደው ቀርፋፋ ጀልባ ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ደቅ ሦስት ሰዓት ገደማ። ፈጣን ሞተር ያለው በግማሹ ይደርሳል። ጣና ቂርቆስ በሌላ አቅጣጫ፣ በምሥራቅ በኩል ነው። «እሱንም እንጨምር» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ለሌላ ቀን በሉት።

ማን ማን ነው የሚሄደው?

ይህ ጥያቄ ከዋጋም ከቀንም ይቀድማል። ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስና የዘጌ አድባራት ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ባል ደጋ ላይ ወጥቶ እዚያ ያለውን የነገሥታት አጽም ሲጎበኝ ሚስት ጀልባ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ስትጠብቅ አይቻለሁ። ወደ ቤት ሲመለሱ የነበረውን ዝምታም አይቻለሁ። ሴቶች ካሉ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ደጋን መተውና ሰዓቱን ለናርጋና ለዘጌ መስጠት ነው። ሁለተኛው ሴቶቹ ናርጋ ላይ በጥላው ዘና ብለው ሲቆዩ፣ ጀልባው ወንዶቹን ደጋ አድርሶ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ይሄኛው ተጨማሪ ቤንዚንና ተጨማሪ ሰዓት ይበላል፣ ስለዚህ ገና ስትዋዋሉ ይነገር። እኔን ከጠየቃችሁ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አብሮ የወጣ ሰው አብሮ ቢውል ይሻላል።

ውሃ የሚፈራ ሰው ካለ ደግሞ ስድስት ሰዓት ጀልባ ላይ አታስቀምጡት። እንጦስና ዘጌ በቂው ናቸው።

ወሩና ቀኑ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ዳርቻው ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከነጎድጓድ ጋር ይመጣል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የሚመጣው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በዚሁ ወር ነው። በዚያን ጊዜ ከሆነ በጠዋት ዘጌን አይቶ መመለስ ይሻላል። ደቅን ለሌላ ጊዜ ማለት ነው።

ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ ንግሥ ነው። ጥር 7 ናርጋን ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ግን ጀልባ ቀደም ብላችሁ ካልያዛችሁ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። በአዘቦት ቀን ደግሞ ቅዳሴን አስቡ። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ይገፋል፤ ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ሥዕል ልይ ብሎ ውስጥ መዞር የለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የክልሉ ጸጥታ አስተማማኝ አልነበረም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ባሕር ዳር ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሉ፤ «ሰሞኑን ጀልባ ወደ ደቅ ይወጣል ወይ?» በሉ። ከመነሻችሁ በፊት ባለው ማታም ድገሙት።

ጀልባውን መያዝ

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ደላላ ቀድሞ ያገኛችኋል። ክፋት የለውም፣ ግን ውል ከደላላ ጋር አትዋዋሉ። «ጀልባውን የሚነዳው ማነው? አገናኘኝ» በሉ። ነጂውን ሁሉም «ካፒቴን» ነው የሚለው፣ እናንተም በሉት። ይህን ሁሉ ከጉዞው በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ጨርሱት። ጠዋት ተነስቶ ጀልባ መፈለግ ማለት ሦስት ሰዓት ላይ መነሳት ማለት ነው። ሦስት ሰዓት መነሳት ምን እንደሚያመጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ከዚያ ጀልባው ውስጥ ግቡ። ከዳር ቆማችሁ «ጥሩ ይመስላል» አትበሉ።

ላይፍ ጃኬቱን አስወጡት። ብዙ ጊዜ ወንበር ስር ተጠቅጥቆ ነው የሚገኘው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ አለ? ማሰሪያው ይያዛል ወይስ ተበጥሷል? ልጅ ካለ በልጅ ልክ አለ? የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ አድርጎ መጓዝ ራስን ማታለል ነው፤ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ በኩል ሹልክ ይላል።

ሞተሩን አስነሱት። በስንተኛው ጉተታ እንደሚነሳ ቁጠሩ። አንዴ ከሰባት ጉተታ በኋላ የተነሳ ሞተር አይቼ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወርጃለሁ። ስንት ፈረስ ጉልበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ምክንያቱም የ15ና የ40 ልዩነት ደቅ ላይ ስትደርሱ የሰዓታት ልዩነት ነው። መጠባበቂያ ሞተር፣ ካልሆነም መቅዘፊያ አለ ወይ? መጠባበቂያ ቤንዚንስ?

ጣሪያ ያስፈልጋችኋል። ሸራም ቢሆን ይሁን። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ፀሐይ ከላይም ከውሃውም ነው የሚያገኛችሁ።

አሁን ዋጋ። ቁጥር አልጽፍላችሁም፣ ቤንዚን በተወደደ ቁጥር ስለሚቀየር ነገ ውሸት ይሆናል። ይልቅ ምን ብላችሁ እንደምትዋዋሉ ልንገራችሁ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ኮንትራት ከሆነ ለጀልባው ነው፣ ስለዚህ ስድስትም ሁኑ ስምንት አይለወጥም። ቤንዚኑ የማነው? «ዋጋው ቤንዚንን ይጨምራል» የሚለውን ቃል ከአፉ ስሙት። የትኞቹ ደሴቶች፣ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ ላይ ስንት ሰዓት? ሌላ ሰው በመንገድ ላይ ይጭናል ወይ? አይጭንም፣ ኮንትራት ነው። ይህንንም አስብሉት። የቤተ ክርስቲያን መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው፤ በየቦታው ለብቻው ይከፈላል።

«መጀመሪያ ዘጌ እንግባ» ሊላችሁ ይችላል። ለእሱ ይቀለዋል፣ ከዘጌ በኋላ ደክሟችሁ «ደቅ ይቅርብን» ካላችሁ ቤንዚኑ ይተርፈዋል። በትህትና «አይ ካፒቴን፣ ናርጋ በቀጥታ» በሉ።

ቀብድ ከፍላችሁ ስልኩን ያዙ። ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ። ቀሪው ስትመለሱ።

ማታውን የምታዘጋጁት

ብር በእጃችሁ ይኑር፣ ያውም ዝርዝር። ደሴት ላይ ኔትዎርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቴሌብር ይዞ መነኩሴ ፊት ስልክ ወደ ሰማይ ማንሳት አያምርም። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን ያዙ፤ መግቢያ ላይ የውጭ ዜጋ ዋጋ ሲጠራባችሁ የምታሳዩት ይኖራችኋል።

ነጠላ ለሴቶች፣ ረጅም ሱሪ ለወንዶች። ጫማችሁ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ስታወልቁ ስታጠልቁ ነው የምትውሉት። ካልሲም ያዙ፣ በእኩለ ቀን ድንጋዩ ያቃጥላል። ጃኬት አትርሱ፣ ንጋት ላይ ውሃው መሐል ይበርዳል። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሶፍት፣ ሁለት ሦስት ፌስታል። ፌስታሉ ሆዱ ለሚገለበጥበት ሰው ነው። ስልካችሁንም በአንዱ ጠቅልሉት።

ምግቡ ቀላል ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ውሃ በሰው ሁለት ሊትር። ደሴቶቹ ገዳም ናቸውና ሥጋ ይዛችሁ አትውጡ። የካፒቴኑንም ምሳ አስቡ። ለገዳሙ ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዘቢብ ብትይዙ ከባሕር ዳር ገበያ ታገኛላችሁ። ግዴታ አይደለም፣ ግን ባዶ እጅን ይሸፍናል።

ጀልባው ላይ ሽንት ቤት የለም። ከሆቴል ስትወጡ አስቡበት። ሌላ ምን ልበል።

ጉዞው

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወደብ ሁኑ። ማታ ደውላችሁ «ካፒቴን፣ 12 ሰዓት ነው፣ ቤንዚን ተቀድቷል አይደል?» በሉት። ጠዋት ቤንዚን ፍለጋ የሄደ ካፒቴን መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም።

በመንገዳችሁ ታንኳዎች ታያላችሁ። ከደንገል የሚሠሩ ናቸው፣ የነገደ ወይጦ ሰዎች በሥራው ይታወቃሉ። ዘንቢል ሙሉ እንጨት ወይም ዓሳ ጭነው ከእናንተ ጀልባ ማዶ ሲያልፉ ካፒቴኑ ሞተሩን ቢቀንስ አትቆጡ። ማዕበሉ እንዳይገለብጣቸው ነው። ካልቀነሰ ነው መቆጣት ያለባችሁ።

አንዳንዴ ሞተሩ ድምፁ ይለወጥና ይቆማል። አትደንግጡ። የተቀደደ የዓሳ መረብ ነው። ካፒቴኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ሞተሩን ከውሃ ያነሳዋል፣ ከኪሱ ትንሽ ቢላዋ አውጥቶ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ናይለን እየጎተተ ይቆርጣል። አሥር ደቂቃ። የቆረጠውን ወደ ሐይቁ መልሶ ሲጥለው ነው እኔን የሚያናድደኝ። ፌስታላችሁን ስጡት።

ሦስት ሰዓት ገደማ ናርጋ ትደርሳላችሁ። የናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። የጎንደር ሰው የሠራው እንደሆነ የድንጋይ ግንቡና በሩ ላይ ያለው ማማ ይናገራሉ። ጫማ አውልቁ፣ ወንዶች ባርኔጣችሁን አንሱ፣ አባን ቀረብ ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ግቢው ግን ራሱ ይበቃል፣ ትላልቅ ዛፎች አሉት። ክፍያውን ፈጽማችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ፍላሽ አጥፉ።

ከዚያ አትቸኩሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መሐሉ ላይ መቅደስ። ሥዕሎቹ የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ሸፍነውታል። ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ ትላልቆቹ ይሄዳል፣ ፈረሰኞቹ፣ መላእክቱ። እናንተ ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን ፈልጉና ወደ ታች፣ ወደ እግሯ ተመልከቱ። እዚያ መሬት ላይ በግንባሯ የተደፋች ሴት አለች። ምንትዋብ ናት። የልጇ የኢያሱ ዘመን ቤተ መንግሥት በእጇ የነበረች ንግሥት፣ ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሷን ያሣለችው እንዲህ ነው። በሩጫ ያለፍኩ ጊዜ ይህን አላየሁም ነበር። በሁለተኛው ጉዞዬ ነው አንድ ዲያቆን በጧፍ ያሳየኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ወንዶች ብቻ ከሆናችሁ ወይም ተከፋፍላችሁ ከሆነ ቀጣዩ ደጋ ነው፣ ደቅን ዞሮ። ደጋ ስሙ እንደሚለው ከፍ ያለ ነው፣ ከወደቡ ዳገት ትወጣላችሁ። ቀስ በሉ። ላይ ስትደርሱ ዕቃ ቤቱን የሚከፍቱት አባት እስኪመጡ መጠበቅ ይኖራል። የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዓ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አጽም እዚህ ነው። ጎንደርን የቆረቆሩት ንጉሥ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። ስልኩን ወዲያው የሚያወጣ ሰው አለ። አባ እስኪፈቅዱ ታገሡ፣ «አይሆንም» ካሉም አይሆንም ነው።

ከደጋ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካልወረዳችሁ ሰዓታችሁ አልቋል። ሰፊውን ውሃ ስምንት ሰዓት ተኩል ሳይሆን ማቋረጥ ነው ዓላማው። ካፒቴኑ «ነፋሱ ዛሬ ይቆያል» ቢላችሁም።

ዘጌ፣ አሁን ነው

ዘጌ ስትደርሱ ዋናው ጣጣ ከኋላችሁ ነው። ነፋስ ቢነሳ እንኳ ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ምረጡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለወደቡ ትቀርባለች፣ ሥዕሎቿም ከጣና ምርጦች ናቸው። አስጎብኚ እዚያው ወደብ ላይ ታገኛላችሁ፣ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ቡናው፣ ጌሾው፣ ሎሚው ተደባልቆ ትላልቅ ዛፎች ጥላ ስር ይበቅላል። በዘጌ ማረስ የተከለከለ ነው፣ በጥንቱ የገዳሙ ሥርዓት። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ቡና ያፈሉላችኋል፣ ጠጡ። አሁን መዘግየት ትችላላችሁ። አክስቴ ብትኖር ሎሚዋን በሰላም ትገዛ ነበር።

ወደ ውሃው ዳር ስትወርዱ በባዶ እግር ሣሩ ውስጥ አትግቡ። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ልጆች ሲዋኙ ማየታችሁ ማረጋገጫ አይደለም። ወባም ስላለ ሲመሽ እጅጌያችሁን ዘርጉ።

ከዘጌ ስትነሱ ካፒቴኑ «ጉማሬ ላሳያችሁ?» ይላል። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ነው፣ ለምሽቱ ጥሩ ሰዓት ነው። ሂዱ፣ ግን ዋጋው ውስጥ አለበት ወይ ብላችሁ አስቀድሙ። «ጠጋ በል» አትበሉት። ጉማሬ የሰመጠበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ቢዘገይ አሥራ አንድ ላይ ባሕር ዳር ናችሁ። ሁሉም ሰው ከነዕቃው ከወረደ በኋላ ቀሪውን ሒሳብ ክፈሉ፣ ሰዓቱን ላከበረ ካፒቴን ጉርሻ ጨምሩ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሳ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ። ቀኑ ጾም ከሆነ ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከካፒቴኑ ጋር ጨርሱት፤ እኔ ሽሮ አዝዤ ነው የምሰማው።